ብርድ ልብስ የለበሰው በርሜል

ልብስ ሰፊውን ያገኘኋቸው ፋርማሲ ወረፋ ላይ ነው። እኔ የሄድኩት ባለቤቴ ጠዋት ሁለት ጊዜ ስላሳለ ነበር። ሁለት ጊዜ ማሳልን ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ሳል እንዲህ ቀስ ብሎ ጀምሮ የት እንደሚያደርስ ስለማስብ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ወደ ፋርማሲስቷ ጠጋ ብለው፣ «የራስ ምታት መድኃኒት፤ እንደ ባለፈው፣ ግን ጠንከር ያለውን» ሲሉ ድምፃቸውን ለየሁት። የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የረጅም ዘመን ጓደኛ ናቸው።

«ጋሼ፣ ራስዎን ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው። በሐሳቤ ደም ግፊታቸውን ለክቼ፣ ሆስፒታል አስተኝቼ፣ ለቤተሰቡ ማን እንደሚደውል እየመረጥኩ ነበር።

ደንግጠው ዞሩና የተቀበሉትን መድኃኒት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ምንም አይደል ልጄ። እሑድ እሑድ ትንሽ ይወቅረኛል።»

«እሑድ ብቻ?»

«እሑድ ብቻ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውሉ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኛ ቤት ነው የሚውሉት። አማቴ ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት ውስጥ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው፣ ጡረተኛው ፖስተኛና ሌሎች ሁለት የድሮ ጓደኞቻቸው መጥተው ይጠጡላቸዋል።

«ጋሼ፣ ቢራው ነው?»

ወደ በሩ ገለል አደረጉኝ። «ልዋሽሽ አልችልም» አሉ በሹክሹክታ። «የወዳጄ ቢራ ሊጨርሰን ነው። ስትጎነጪው የቀለም ማቅጠኛ የላስሽ ይመስልሻል። ያ አረንጓዴ አተላው ደግሞ ጥርስ ሥር ይገባል። ፖስተኛው ባለፈው ሳር እንደጋጠ ሰው ሲተፋ ነው ያመሸው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽውም?»

«እኔ አልጠጣም።»

«ብልህ ነሽ» አሉና ተነፈሱ። «ማን ይንገረው ልጄ? ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ስለዚያች ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ተመካክረናል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መሰብሰቢያችንን እኔ ሱቅ እናደርገዋለን።»

«እሳቸውስ?»

መሬት መሬት አዩ። «ከጠራነው በርሜሉን ይዞ ይመጣል።»

ይህን ሲሉ አማቴን አሰብኳቸው። ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ሥራቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜን ከወሰዱባቸው ምን ሊቀራቸው ነው? ወንበር ላይ ተቀምጠው እየደረቁ፣ ምግብ እምቢ እያሉ፣ ከዚያ ደግሞ አልጋ ላይ ሲውሉ ታየኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ለአንድ ጠመቃ ብቻ ይታገሡኝ» አልኳቸው። «ካልተሻለ ያሰባችሁትን አድርጉ።»

«እሺ፣ ለአንቺ ስል» አሉ። «እሳቸው ነገሩኝ እንዳትይ እንጂ።»

ቤት ስደርስ ኮሪደሩ ላይ የክርክር ድምፅ ተቀበለኝ። የሚመጣው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የውሃ ማሞቂያው ተሰቅሏል፣ ቱቦዎቹ በጣሪያው ሥር ይዞራሉ፣ ገመዱ ላይ የባለቤቴ ነጫጭ ሸሚዞች ተሰጥተዋል። ከማሞቂያው ሥር ደግሞ የአማቴ በርሜል በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በቀበቶ ታስሮ ቆሟል። ከክዳኑ የወጣች ቀጭን ቱቦ ውሃ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ትገባለች። ቢራው ሲብላላ የሚፈጥረው ጋዝ በእሷ በኩል እየወጣ ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ የውጭ አየር ግን ተመልሶ አይገባም።

ልጄ በርሜሉ አጠገብ ተንበርክካለች። የምግብ ዝግጅት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ያየችውን ሁሉ መለካት ትወዳለች።

«አባባ፣ ይሄ በርሜል ታሟል» ስትል ደረስኩ።

«በርሜል ይታመማል እንዴ?»

«እጅዎን ብርድ ልብሱ ሥር ያስገቡና ይንኩት። ትኩሳት አለው።»

«እየሠራ ነዋ። ሰው ሲሠራ አይሞቀውም?»

«የሚሠራ ሰው ላይ ብርድ ልብስ ይደርቡበታል?» ቴርሞሜትሯን አሳየቻቸው። «ሠላሳ አንድ ዲግሪ። እርሾው ደስ የሚለው ወደ ሃያ ገደማ ሲሆን ነው። ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በዚያ ላይ ማሞቂያው፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብሱ።»

«ደስ የሚለኝ ሃያ ነው ብሎ ነገረሽ እርሾው?»

«መጽሐፉ ነገረኝ።»

«አለቃዬ መጽሐፍ አልነበረውም» አሉ አማቴ። «አለቃዬ ብርድ ልብስ ነበረው።»

አለቃቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ያስተማሯቸው፣ ቢራ መጥመቅንም ያሳዩዋቸው ሰው ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም እኛ ቤት ከሁላችንም በላይ ይናገራሉ። ስለ ጫማ አጠራረግ፣ ስለ በር አዘጋግ፣ ስለ እንቁላል አሰባበር ሁሉ የአለቃ ቃል አለ። እሳቸው ከተጠሩ በኋላ የሚነሳ ክርክር ማብቂያ እንደሌለው ስለማውቅ ቅርጫቴን አስቀምጬ ወደ መሃል ገባሁ።

«አባቴ፣ ልጅቷ የምትለውን እስቲ ለአንድ ጊዜ ይስሟት።»

«እየሰማሁ ነው። ስሰማ መስማማት አለብኝ እንዴ?»

«ሙቀቱ ሲበዛ እርሾው ይቸኩላል» አለች ልጄ። «ሲቸኩል ደግሞ የማይፈለግ ነገር ይፈጥራል፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር። ራስ የሚያዞረውም እሱ ነው ይባላል።»

የቀለም ማቅጠኛ ስትል ልብስ ሰፊው ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

«አተላውስ?» አለች ቀጥላ። «ሆፑን ከነድስቱ ነው የገለበጡት።» ሆፕ የሚሉት ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠውን የደረቀ አረንጓዴ አበባ ነው፤ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ይቀቀላል። አማቴ ሲቀቀል የተበታተነውን ቅጠል ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ነው የሚጨምሩት።

«ምሬቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ደህናውን ነገር ልድፋው?»

«ምሬቱ እኮ ሲቀቀል ወጥቶ አልቋል። ሻይዎን ሲጨርሱ ቅጠሉን ያኝካሉ?»

«ሻይ ሌላ፣ ቢራ ሌላ።»

«ቅጠል ግን ያው ቅጠል ነው አባባ። እዚያው ሲሰነብት ሳር ሳር ይላል። ከዚያም የባሰ አለ፤ አረፋው ቅጠሉን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና—»

«ለምንድነው ጸጥ ያለው?» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔ ማሰሮው ላይ ነበር፤ ቡልቅታው ቆሟል። እኔ ሲንጫጫ የነበረ ነገር ድንገት ጸጥ ሲል ደስ አይለኝም።

«ደክሞት ያረፈ ነው» አሉ አማቴ።

«ወደ ኋላ በሉ» አለች ልጄ።

ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ስስባት ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ። እኔ የልጄን ዓይን ሲያጠፋ፣ ማሞቂያውን ሲሰብር፣ ቤቱን በእሳት ሲያያይዝ አይቼ ጨርሼ ነበር። ያደረሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ አረንጓዴ አረፋ እንደ ፏፏቴ ወጥቶ የባለቤቴን አምስት ሸሚዞች ከአንገትጌ እስከ እጅጌ አለበሳቸው። ቅጠሎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ። አማቴ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር፤ ቅንድባቸው ላይ አንድ የሆፕ ቅጠል ተንጠልጥሏል።

«ክዳኑ በደንብ ስላልተዘጋ ነው» አሉ።

«በደንብ ስለተዘጋ ነው እንጂ» አለች ልጄ። ቱቦዋን አንስታ አፏን አሳየቻቸው። በቅጠል ተወትፋለች። «ጋዙ መውጫ አጣ። ሙቀቱ ጋዙን አበዛው፣ አተላው በሩን ዘጋው።»

ባልዲና ጨርቅ አምጥተን ሦስታችንም መሬት ለመሬት እየዳህን መጥረግ ጀመርን። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር በራሱ እጅ ከጠረገ በኋላ ልቡ ይለሰልሳል ብዬ ነበር። አማቴ ግን ጨርቁን እየጨመቁ ቀጠሉ።

«አንድ ጊዜ ቱቦ ተዘጋ ተብሎ የስንት ዓመት ሙያ አይጣልም። ጓደኞቼን ጠይቂያቸው። አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረው አያውቁም። ጥርግ አድርገው ነው የሚጠጡልኝ። አለቃዬ—»

«አባቴ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማቆም አልቻልኩም። «በማግስቱ የራስ ምታት መድኃኒት ይገዛሉ። ሊነግሩዎት አፍረው እንጂ ቢራው አልቻሉትም። መምጣታቸውን ሊተዉ ነው።»

ጨርቁ እጃቸው ላይ ቀረ። ውሃው ክርናቸው ድረስ ይወርዳል።

«ማን አለ?»

«ማንም ይበል።»

«ልብስ ሰፊው ነው።»

«እኔ ስም አልጠራሁም።»

«ፊትሽ ጠርቶታል።»

ተነስተው ወጡ። ልጄ ክፉኛ ገላመጠችኝ፤ ለካ ሊያምኗት እየተቃረቡ የነበሩትን ሰው እኔ ቅስማቸውን ሰብሬባታለሁ። ኩርፊያ፣ ከኩርፊያ በኋላ ሻንጣ፣ ከሻንጣ በኋላ አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን መኖር፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እሳቸው ግን ካለፈው ጠመቃ የቀረ አንድ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበትና ቀድተው ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት። ደግመው ቀመሱ።

«ይሄን ነው የሚጠጡት?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጄ የተወተፈችውን ቱቦ መጥረግ ጀመረች።

«እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀምሼው አላውቅም ማለት ነው። ፊት ፊታቸውን እያየሁ ነዋ የምጠጣው።» ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት። «ግን አንድ ነገር አስረጂኝ» አሉ ወደ ልጄ ዞረው። «አለቃዬም በብርድ ልብስ ነበር የሚጠምቀው። ሆፑንም ከነቅጠሉ ነበር የሚጨምረው። የሱ ቢራ ግን ማር ነበር። እኔ እንደማልዋሽ ታውቂያለሽ። እሱን ምን ልትዪኝ ነው?»

ልጄ ለክርክር የሾለ አፍ አላት፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «አለቃዎ የት ነበር የሚጠምቁት?»

«ማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት። ወረቀት የምናከማችበት።»

«እንዴት ያለ ቦታ ነው?»

«ብርድ ነዋ። ካፖርት ሳንደርብ አንወርድም ነበር። ጣታችን ደንዝዞ ወረቀቱን መለየት ያቅተናል። አንዴ እንዲያውም እኔ—»

አቆሙ። ቀና ብለው ማሞቂያውን አዩት። ከማሞቂያው ቱቦዎቹን፣ ከቱቦዎቹ ብርድ ልብሱን፣ ከብርድ ልብሱ መልሰው ማሞቂያውን አዩ። እንደ እኔ ቸኩሎ የሚናገር ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢ ይፍረደኝ።

«ለዚያ ነው ያለበሰው» አሉ።

«አዎ አባባ። እሳቸው ከብርድ ወደ ሃያ ሊያወጡት ነው ያለበሱት። ትክክል ነበሩ።»

«ቅጠሉስ?»

«በብርድ ቦታ ሲብላላ ረጋ ብሎ ነው፤ አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል። እንደዚህ የሚያተራምሰው የለም። ከላይ ከላይ ነበር የሚቀዱት?»

«ከላይ ከላይ። በርሜሉን ሰው እንዲነካው አይፈቅድም ነበር።» አገጫቸውን ይዘው ቆዩ። «ብርድ ልብሱን ወስጄ ምድር ቤቱን ረሳሁት።»

አስተማሪዎቻችን የሚያወርሱን ልማድ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ትክክል ነው። ቤቱ ሲለወጥ፣ አየሩ ሲለወጥ፣ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ልማዱን ብቻ ተሸክመን ስንዞር ነው የሚበላሸው። ይህን የምለው ስለ ቢራ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው መስኮት ዘግተው ልብስ የሚደራርቡበት እናቶችን አውቃለሁ።

በማግስቱ አማቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ «ነይ፣ ልብስ ሰፊው ጋ እንሂድ» አሉኝ። ሊጣሉ ነው ብዬ እየሰጋሁ ተከተልኳቸው። ሱቁ ውስጥ ከልብስ ስፌት መኪናው ጀርባ አዳዲስ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። አማቴ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ወንበር አስገብተሃል» አሉ።

«ለደንበኛ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እየጠመጠሙ።

«ደንበኞችህ ቆመው ነው የሚለኩት።»

ልብስ ሰፊው እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ከረጢት ስፋልኝ» አሉ አማቴ። «ከስስ ነጭ ጨርቅ፣ አፉ በገመድ የሚታሰር። ቅጠሉን እሱ ውስጥ አስሬ ነው ከእንግዲህ የምቀቅለው።»

ልብስ ሰፊው ከመደርደሪያው ጨርቅ ስበው ብርሃን ላይ ያዙትና ስሱን መረጡ። መኪናውን መምታት ከጀመሩ በኋላ ቀና ሳይሉ፣ «ስፌቱን ደርቤ ልምታው? እንዳይተረተርብህ» አሉ።

«ደርበው።»

ዕርቁ ይኸው ነበር። እኔ የተዘጋጀሁት ለልቅሶ ነበር።

አዲሱ ጠመቃ በሰላም አለፈ ብል ግን ውሸት ነው። እያንዳንዱ ነገር ላይ ተነታረኩ። የተቀቀለውን ድስት ገንዳ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ሲያበርዱ አማቴ አሁኑኑ እርሾውን እንጨምር ብለው ነዘነዙ፤ ልጄ ደግሞ ሙቀቱ ሳይወርድ ከጨመሩ ይሞታል ብላ ድስቱ ላይ ተቀመጠች ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ገንዳውን ሲጠብቅ አመሸ። ከረጢቱን አውጥተው ካንጠባጠቡ በኋላ የቀረውን ጭማቂ በማማሰያ ወደ አንድ አቅጣጫ አሽከረከሩትና ተዉት፤ ሾልኮ የቀረው ዝቃጭ መሃል ላይ ተከመረ። ከዚያ ከዳር በኩል ጥሩውን በቱቦ ስበው ወደ በርሜሉ አወረዱ። ድስቱ ውስጥ የቀረውን አረንጓዴ ጭቃ አማቴ ሲደፉት ፊታቸውን አዙረው ነበር።

በርሜሉን ደረጃው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት። ውሃ ያለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቆሞ እርጥብ ፎጣ ይለብሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ በጠርሙስ የረጋ በረዶ ሳፋው ውስጥ ይጨመራል። ደረጃው ሥር እርጥበት አለ፣ ሰው ያንሸራትታል፣ ወገብ ይሰበራል ብዬ አሳሰብኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሁለቱ ግን ጠዋትና ማታ እዚያ ጎንበስ ብለው ስለ አንዲት ዲግሪ ይጨቃጨቃሉ። «አሥራ ዘጠኝ ነው» ትላለች። «ሃያ ነው፣ ዓይንሽን ክፈቺ» ይላሉ። ጨጓራዬን ላጡት። መብላላቱን ሲጨርስ ደግሞ ማቀዝቀዣዬን ከነመደርደሪያው አስለቅቀው በርሜሉን አስገቡት። አተላው በብርድ ወደ ታች እንዲዘቅጥ ነው አሉኝ፤ የእኔ አትክልት መስኮት ላይ ጠወለገ።

ከበርሜሉ ወደ ጠርሙስ የተገለበጠው ቢራ የሚከፈትበት ቅዳሜ ሲደርስ አራቱ ጓደኞቻቸው መጡ፤ ፊታቸው ግን መርፌ ሊወጋ የመጣ ሰው ፊት ነው። አማቴ ቀዱላቸው። ፖስተኛው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው በውስጡ ውጭውን ተመለከቱ።

«ሰው ይታያል» አሉ። «የጎረቤትን በር አየሁት።»

ቀመሱ። ልብስ ሰፊውም ቀመሱ። እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ ጣቴን እያሻሸሁ ነበር። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አለቀልን አልኩ።

«ምሬቱ አለ» አሉ ልብስ ሰፊው በመጨረሻ። «ግን ይወርዳል።» ብርጭቆውን ጨረሱና ራሳቸው ዘረጉት። «ጨምርልኝ። ከዚህ በፊት ድገመኝ ብዬህ አላውቅም፤ አሁን እያልኩህ ነው።»

አማቴ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ብዛት እግዜር ይቁጠረው። በሙቀት የተጣደፈ ቢራ ጉሮሮ እንደሚያቃጥል፣ በልኩ የቀዘቀዘ ግን ንጹሕ ሆኖ እንደሚወርድ፤ ቅጠሉን በከረጢት ያሠረ ሰው ቱቦው እንደማይዘጋበት፣ ክዳኑ እንደማይፈነዳበት፣ ከበርሜሉ ታች የሚደፋው አተላ እንደሚያንስና የሚጠጣው እንደሚበዛ፤ በቴርሞሜትር የለካ ሰው አንዱ ጠመቃ ሲያምር ሌላው ለምን ተበላሸ ብሎ እንደማይደናገር ጣታቸውን እያነሱ አስረዱ። እነዚህን ሁሉ ከሆዳቸው ያወጧቸው ይመስላል። ልጄ ከጥግ ተቀምጣ አንድ ቃል አላረመቻቸውም። የሰማሁትን ሁሉ እዚህ ያሰፈርኩትም የሚጠምቅ ሰው ካለ ከእኛ ሸሚዝ እንዲማር ብዬ ነው።

ቀኑ እየጨለመ ሄደ። የመንገዱ መብራት ከተበላሸ ሰንብቷል፣ አስፋልቱ ጉድጓድ አለው፣ የፖስተኛው ጉልበት ደግሞ ደህና አይደለም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

«አባቶቼ፣ ይመሻል፤ ተነሱ እንጂ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ አሁን» አሉ አንድ ላይ።

ማንም አልተነሳም።